«አይገባህም» ከተባለ በኋላ

በዚህ የትምህርት ዘመን አንድ ወላጅ የልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲራዘምላቸው ለመጠየቅ ወደ ቢሯችን መጥተው ነበር። አገር ቤት በግንባታ ሥራ ላይ የነበረ ወንድማቸው ከፎቅ ወድቆ ወገቡ ተጎዳ። አሠሪው «የጉዳት ካሳ አይገባህም» የሚል ደብዳቤ ሰጠው። እርሱም ደብዳቤውን አጥፎ አስቀመጠው፤ የቤተሰቡ ሸክም ጁባ ባሉት ወንድሙ ላይ ወደቀ። ቀኑን ስንጠይቃቸው ዓመት አልፎታል። ይህን የጻፍነው ሌላው ቤተሰብ እንዳይዘገይ ነው።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ወይም ሰክሮ ከተገኘ ግን ይህ ይቀራል። የአካል ጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት ያቃተውና በጡረታ ዕቅድ ያልተሸፈነ ሠራተኛ የአምስት ዓመት ደመወዙን ያህል ያገኛል።

አሠሪው ከከለከለ ሠራተኛው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይከሳል። ችሎቱ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል፤ በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን ይግባኝ የሚለው በ30 ቀናት ውስጥ ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ጥያቄ ግን በአብዛኛው በአንድ ዓመት ይርጋ ይታገዳል።

የከለከለው የጡረታ መሥሪያ ቤት ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። አቤቱታው በቅድሚያ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ሰው ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ያመለክታል። ሰበር የሚመረምረው የሕጉን አተረጓጎም እንጂ ፍሬ ነገሩን እንደ አዲስ አይደለም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ የአካል ጉዳት ክፍያ ከከለከላቸውና የመሥሪያ ቤቱ ይግባኝ ካለቀ በኋላ የመጨረሻው ደብዳቤ በደረሳቸው በ60 ቀናት ውስጥ ለፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላሉ። ዳኛው ግን በሽተኛውን አይመረምርም፤ መዝገቡን አንብቦ ውሳኔው በቂ ማስረጃ እንዳለውና ሕጉን እንደተከተለ ብቻ ያያል። ስሕተት ካገኘ ብዙ ጊዜ ጉዳዩን እንደገና እንዲታይ ይመልሰዋል።

እንግዲህ በሁሉም ዘንድ የሚፈርደው ወረቀት ነው። የሐኪም ማስረጃ፣ የደመወዝ ሰነድ፣ የአደጋው ቀን፣ ያዩ ሰዎች ስም በጊዜው ካልተያዙ እውነቱ ብቻውን አይቆምም።

ልጆቻችን፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ለቤተሰባችሁ ደብዳቤ አንባቢ ናችሁ። «አይገባህም» የሚል ስታዩ ከሁሉ በፊት ቀኑን አንብቡ፤ ፖስታውንም አትጣሉት። ወላጆችም ሳትውሉ ሳታድሩ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። ይህ መብት የሚጠቅመው ቀኑ ሳያልፍ ለተነሣ ነው።