ትንሿ ካሜራ፦ ከኤደን ወደብ እስከ ገዳም ደጅ



የክብረ በዓል ሰሞን በተቃረበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ይደርሳል፤ «ካሜራ ይዘን ብንመጣ ይፈቀድልናል ወይ?» የሚል። ጠያቂዎቹ ስለ ስልክ ማለታቸው አይደለም፤ ስልክማ በየኪሱ አለ። የሚጠይቁት በመዳፍ ስለምትያዘው፣ ሌንሷን ወደ ፊት አውጥታ ሩቁን ስለምታቀርበው ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ነው። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው ይልኩላቸዋል፤ በመሳቢያ ተረስታ የቆየችውን አውጥተው፣ ባትሪዋን ሞልተው የሚመጡም አሉ። እኛም ለዚህ መጽሔት የሚሆኑትን ሥዕሎች የምናነሣው በእንዲህ ያለች ካሜራ ነው።

ለጥያቄው አጭር መልስ መስጠት ይቻላል። ነገር ግን ምክንያቱ ሳይነገር የተሰጠ መልስ ክልከላ ብቻ ሆኖ ይሰማል። ምክንያቱን ለማስረዳት ደግሞ ከባሕሩ ማዶ፣ ከየመኗ ወደብ ከኤደን መጀመርን መርጠናል። ወደ ሀገራችን ከገቡት ቀደምት ካሜራዎች መካከል ታሪኩ በባለቤቱ እጅ ተጽፎ የተገኘው አንዱ በዚያ በር ያለፈ ነውና።

በኤደን በር የገባው ሣጥን

የመን ሲነሣ ካህናት አባቶቻችን ሰማዕታተ ናግራንን፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ባሕር ተሻግሮ የዘመተላቸውን ንጉሥ ካሌብን ያስባሉ። ኤደን ከዚያች ምድር ደቡባዊ ጫፍ፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥና ዙሪያ የተመሠረተች ከተማ ናት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ያዟት፤ በ1850 ከቀረጥ ነጻ ወደብ አደረጓት፤ የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ደግሞ ከአውሮፓ ወደ ሕንድ የሚያልፍ መርከብ ሁሉ የድንጋይ ከሰል የሚጭንባት ማረፊያ ሆነች። ከሐረር የሚወርደው ቡና ወደ ዓለም ገበያ የሚሻገረው፣ የአውሮፓ ዕቃም ወደ ሐረር የሚገባው በአብዛኛው በእርሷ በኩል ነበር።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1880 ኤደን ደርሶ በባርዴ የቡና ንግድ ቤት ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ወደ ሐረር ተላከ። ወደ ኤደን ተመልሶ ሳለ፣ በ1882፣ ከፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የፎቶግራፍ መሣሪያ አዘዘ። መሣሪያው በቀጣዩ ዓመት ደረሰለትና ይዞት ወደ ሐረር ወጣ። በግንቦት 1883 ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ራሱን ያነሣባቸውን ሦስት ሥዕሎች አኑሯል፤ አንደኛው በቡና ተክል መካከል ቆሞ የሚታይበት ነው። በዚያው ደብዳቤ ሥዕሎቹ የነጡት ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ መሆኑን ገልጿል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ የሐረሩ ንግድ ቤት ተዘግቶ ወደ ኤደን ከተመለሰ በኋላ፣ ካሜራውን እያዘነ ሸጠው።

ያ ሰው ለአንድ ሥዕል የከፈለውን ድካም እናስብ። ከባድ ሣጥን፣ መደገፊያ እግሮች፣ የመስታወት ሰሌዳዎች፣ መድኃኒቶች፣ ጨለማ ክፍልና ንጹሕ ውኃ ያስፈልጉት ነበር። ከዚህም በላይ የሚነሣው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ዐውቆና ፈቅዶ፣ እስኪያበቃ ድረስ መታገሥ ነበረበት። በዚያ ዘመን ሳያስፈቅዱ ሰውን ማንሣት ቢፈለግም የሚመች አልነበረም። መሣሪያው ራሱ ፈቃድ ጠያቂ ነበር።

ከዚያው ከኤደን ሌላም ትምህርት እናገኛለን። በ1880 ገደማ እንደተነሣ የሚታመን አንድ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ በኤደን ከነበረ ሆቴል ደጃፍ የተቀመጡ ሰዎችን ያሳያል። ከመካከላቸው አንዱ ራምቦ ነው ያሉ አሉ፤ አይደለም ብለው የተከራከሩም አሉ። ቦታው ታወቀ፤ የሰዎቹ ስም ግን ስላልተጻፈ ሊቃውንቱ ሲከራከሩ ኖሩ። ስም ያልተጻፈበት ሥዕል ከአንድ ትውልድ በኋላ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ይሆናል።

ከሣጥን ወደ ኪስ

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ መርከባቸው ነዳጅ እስኪቀዳ በኤደን የሚወርዱ መንገደኞች በወደቡ ሱቆች ከቀረጥ ነጻ ከሚገዟቸው ዕቃዎች መካከል ካሜራ፣ ሰዓትና ራዲዮ ዋነኞቹ ነበሩ። የስዊዝ ቦይ በ1967 ሲዘጋና እንግሊዞች በዚያው ዓመት ሲወጡ ያ ገበያ ቀዘቀዘ። ካሜራው ግን ማነሱን ቀጠለ። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ አንዱን ሥዕል በቴፕ ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር፤ ሥዕሉም 10 ሺህ ነጥቦች ብቻ ነበሩት። ዛሬ ከሸሚዝ ኪስ የምትገባው ካሜራ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦችን በዓይን ጥቅሻ ትመዘግባለች።

ስልክ እያለ ይህች ትንሽ ካሜራ ለምን አስፈለገች የሚል ይኖራል። በየዕለቱ ከያዝናት ያስተዋልነው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ዙሟ ነው። በሌንሷ ውስጥ ያሉት መስታወቶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንቀሳቀሱ ሩቁ በእውነት ይቀርባል። «ዲጂታል ዙም» የሚባለው ግን ሥዕሉን ቆርጦ ማጉላት ብቻ ስለሆነ ዝርዝሩን ያደበዝዛል፤ ቢዘጋ ይሻላል። ሁለተኛው፣ አብዛኞቹ ትንንሽ ካሜራዎች ከአውታር ጋር አለመያያዛቸው ነው። ያነሣነው ሥዕል በዚያው ቅጽበት ወደ ዓለም አይበተንም። ማታ በእርጋታ ተቀምጠን፣ የሚቀረውንና የሚሰረዘውን የምንለይበት ጊዜ ይሰጠናል።

ርቀት እንደ አክብሮት

ዙም በመልካም ሲያገለግል የምናየው በታላላቅ በዓላት ነው። በላሊበላ በልደት በዓል፣ በቤተ ማርያም ካህናቱ ከዓለቱ አፋፍና ከግቢው ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲያዜሙ፣ ስልክ የያዘ ሰው ፊታቸውን ለማግኘት እየተጋፋ ወደ ፊት ይገፋል፤ ከኋላው ያለውንም ምእመን ይጋርዳል። ዙም ያላት ካሜራ የያዘ ግን ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ የጽናጽሉን አያያዝና የአዛውንቱን ካህን ዓይን ሳይቀር ያነሣል። ማኅሌቱም አይታወክም። በዚህ ረገድ ትንሿ ካሜራ ሥርዓት ጠባቂ ናት።

ለዚህ የሚረዱ ጥቂት ልማዶች አሉ። ዙሙ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የእጅ ትንሽ መንቀጥቀጥ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ክርንን ከጎን አስጠግቶ፣ ግድግዳን ወይም የመንገድ በትርን ተደግፎ ማንሣት ይበጃል። ነጭ የለበሰ ምእመን በበዛበት ቦታ ካሜራዋ በነጩ ትታለልና ሥዕሉን ታጨልማለች፤ ፊትም ይጠቁራል። የብርሃን መጠኑን ከፍ የሚያደርገውን የመደመር ምልክት አንድ ደረጃ መጨመር መፍትሔው ነው። ብልጭታው ግን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይጥፋ፤ ጸሎተኛውን ያደናግራል፣ በግድግዳ ሥዕሉም ላይ ነጸብራቅ ይጥላል። የቁልፉንና የትኩረቱን ድምፅ ማጥፋትም አይዘንጋ።

እንደ ኤደን ባለ ሞቃትና እርጥብ የባሕር ዳርቻ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ካሜራዋን ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ውጭ ስታወጡ ሌንሷ በጤዛ ይሸፈናል። በቦርሳ ውስጥ እንዳለች ሙቀቱን እስክትለምድ ማቆየት ነው እንጂ ወዲያው መጥረግ አይገባም። በደጋው ገዳማት ደግሞ የንጋት ብርድ ባትሪውን ያደክመዋልና ትርፍ ባትሪን ከልብስ ውስጥ፣ ከሰውነት አጠገብ ይያዙ። የመንገድ አቧራ በሚወጣውና በሚገባው ሌንስ ዙሪያ ከተጠራቀመ ይዞ ያስቀረዋልና በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መጓዝ ይገባል።

ርቀት እንደ ስርቆት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ጸሎተኛውን እንዳናውክ የሚረዳን ያው ዙም፣ ጸሎተኛው ሳያውቅ መልኩን እንድንወስድም ያስችለናል። ከበዓቱ ደጃፍ ተቀምጦ ዳዊቱን የሚደግም መናኝ ሃምሳ እርምጃ ርቆ በቆመ ሰው ሊነሣ ይችላል፤ አያውቅም፣ አልፈቀደምም። ዓለምን ትቶ ስሙን እንኳ የለወጠ አባት፣ መልኩ በማያውቀው ሀገር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። የራምቦ ዘመን ሣጥን በክብደቱ ያስከብረው የነበረውን ፈቃድ፣ ቀላሏ ካሜራ ለኅሊናችን ትታዋለች።

ይህ ነገር ከገዳም ውጭ የከፋ ዋጋ እንዳለው ዛሬም ኤደን ታስተምረናለች። ከጅቡቲ ኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ የሚደክሙ ብዙ ወገኖቻችን በየመን ይንገላታሉ፤ መንገዱ ተዘግቶባቸው በኤደን የቀሩ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመልሳቸውን በረራ የሚጠባበቁም አሉ። ለእናቱ «በሕይወት አለሁ» የሚል አንድ ሥዕል መላክ ለስደተኛው ታላቅ መጽናኛ ነው። ያው ሥዕል በደላሎች እጅ ሲገባ ግን ከቤተሰቡ ገንዘብ መጠየቂያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከስደት የተመለሱ ወገኖች ለስእለት ወይም ለጠበል ወደ ገዳም ሲመጡ፣ የበዓሉን ሕዝብ ስናነሣ የእነርሱን ፊት ማካተታችን ቀላል ነገር አይደለም። ማን ምን እንደሸሸ አናውቅምና።

ስለዚህ ዙም ርቀትን ያሳጥራል እንጂ ፈቃድን አይተካም። ፈቃድ በእግር ተሂዶ ይጠየቃል። ቀርበው፣ እጅ ነሥተው፣ «አባታችን ይፍቱኝ፤ ፎቶ ባነሣዎት ይፈቅዱልኛል?» ይበሉ። «ተወኝ ልጄ» ካሉ መስቀላቸውን ተሳልሞ መመለስ ነው። ከፈቀዱም ወደ ነበሩበት ቦታ ተመልሶ፣ ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ በዙሙ ማንሣት ይቻላል። ያን ጊዜ ርቀቱ አክብሮት ይሆናል።

ለሚቀረው ትውልድ

ካሜራ ለገዳማት ያበረከተው ውለታም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1973 በአዲስ አበባ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉ ብዙ ሺህ ጥንታውያን መጻሕፍትን አንሥቷል። ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና የሥራ ባልደረቦቻቸው ዝርዝራቸውን አዘጋጅተዋል። ብራናው በእሳት፣ በዝርፊያ ወይም በጦርነት ቢጠፋ እንኳ ቃሉ አይጠፋም።

በዕቃ ቤት ለምታገለግሉ አባቶች፣ በመጋቢው ፈቃድ ትንሿ ካሜራም በዚህ ልትረዳችሁ ትችላለች። መጽሐፉን በበር ወይም በመስኮት ብርሃን አጠገብ አኑሩት፤ ጀርባውን አስጨንቃችሁ አትዘርጉት። ካሜራዋን ወደ ገጹ አታስጠጓት፤ ከቅርብ ሲነሣ የገጹ ጠርዝ ይጎብጣል። ጥቂት ራቅ ብላችሁ በመካከለኛ ዙም፣ ሌንሱን ከገጹ ትይዩ አድርጋችሁ አንሡ። ማስመሪያ ከጎኑ አኑሩ፤ የቅጠሉን ቁጥር ጻፉ። ሥዕሎቹንም ቢያንስ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዲት ሜሞሪ ካርድ ብቻዋን የምትታመን ዕቃ ቤት አይደለችም።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሱ ይህ ነው። የየገዳሙ ሥርዓት በአበ ምኔቱ ቃል ይጸናል፤ ከሁሉ በፊት እርሱን መጠየቅ ይገባል። በአጠቃላይ ግን በዐውደ ምሕረት የሚከበረውን በዓል ከቦታችሁ ሳትነቃነቁ ብታነሡ ቅሬታ የለንም። ወደ መቅደስ ካሜራ አይመለስም። ሰውን ማንሣት ሰውን ከጠየቁ በኋላ ነው። ያነሣችሁትንም ሥዕል ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት።

አንድ ነገር እንጨምር። በየዓመቱ ብዙ ተሳላሚዎች «እልክልዎታለሁ» ብለው ይሄዳሉ፤ የሚልኩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ባለፈው ዓመት ያነሣችኋቸውን እማሆይ ወይም አባ ሥዕል በወረቀት አሳትማችሁ በዘንድሮው ጉዞ ይዛችሁላቸው ኑ። በገዳሙ ያረፉ አባቶች መታሰቢያ ሲደርስ፣ መልካቸውን የምናገኘው ከእንዲህ ካለች አንዲት ወረቀት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።