የተማሪን ስሕተት የሚሠራ ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር እንደ ሰው እንዲያስብ የሚደረገው ምርምር ትክክለኛ መልስ በማግኘት ብቻ አይወሰንም፤ ሰው እንደሚሳሳተው መሳሳትንም ይጨምራል። በአሜሪካ ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት የቀረበው «በጊ» የተባለ ፕሮግራም የቅነሳ ስሌትን ተማሪዎች እንደሚሳሳቱት አድርጎ ይሠራል።

52 ሲቀነስ 17 ስንት ነው ቢባል፣ ከአሥር ቤት መበደር ሲገባው ከ7 ላይ 2ን ቀንሶ 45 ይላል። 83 ሲቀነስ 46 ቢባልም በዚያው ደንብ 43 ያገኛል። ሠልጣኝ መምህራን የተሳሳቱትን መልሶች እየመረመሩ የተሰወረውን ደንብ እንዲያገኙ ይጠየቁ ነበር።

እንዲህ ያለውን ተማሪ ቸልተኛ ብሎ መገሠጽ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ደንቡ የተጣመመ ይሁን እንጂ ተማሪው በጥንቃቄ ጠብቆታልና። በደብተሩ ላይ የሚሰመረው የኤክስ ምልክት ግን ደንቡ የቱ ላይ እንደ ተጣመመ ለመምህሩም ሆነ ለተማሪው አያሳይም።