ጓያን ከምን ጋር እንመገብ?

ወረታ፦ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ታጭዶ ሲነሳ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ከሚበቅሉት ሰብሎች አንዱ ጓያ ነው። ከይፋግ እስከ ወረታና ከዚያም ወዲያ በተንጣለለው ጥቁር አፈር ላይ ውኃ ሲተኛበትም ሆነ ዝናብ ሲርቀው እንደ ሌላው ጥራጥሬ በቀላሉ አይሸነፍም። በፕሮቲን የበለፀገ ነው፤ ብዙ ወጪና እንክብካቤም አይጠይቅም። ሌላው ሰብል በጠፋበት ዘመን ብዙ ቤተሰብን ከረሀብ ያሻገረው ይኸው እህል ነው። ይሁን እንጂ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ብቻውን ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል።

የጉዳቱ መነሻ

በጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ለነርቭ መርዛማ የሆነ ንጥረ ነገር ይገኛል። አልፎ አልፎ ከሌላ ምግብ ጋር የሚበላ ሰው በአብዛኛው አይጎዳም። አደጋው የሚመጣው ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነውን የዕለት ምግብ ከጓያ እያገኙ ለሁለትና ለሦስት ወራት ሲቆዩ ነው። በሽታው እግሮችን ያከብዳል፣ ጡንቻን ያደርቃል፣ በጣት ጫፍ ያስረግጣል፤ ሲብስም በምርኩዝ ያስኬዳል ወይም ጨርሶ ከመራመድ ያግዳል። በተለይ ወጣት ወንዶችን ያጠቃል፤ አንዴ ከያዘም የሚያድን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ያለው አማራጭ አስቀድሞ መከላከል ነው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደንቢያና በፎገራ አካባቢ ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት በሽታው በገጠሩ ነዋሪ ዘንድ ተስፋፍቶ መገኘቱን አሳይቷል። በ1990ዎቹም ድርቅን ተከትሎ በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት በወረርሽኝ መልክ ተከስቷል።

የጥንቱ ትምህርት

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። ጓያን ከጥንት ጀምሮ በምታመርተው ህንድም ይታወቃል። አዩርቬዳ የሚባለው የህንድ ጥንታዊ የሕክምና ትውፊት የምግብ ጥቅምና ጉዳት የሚወሰነው በምግቡ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ከምን ጋር፣ እንዴት ተሰናድቶና በምን መጠን እንደሚበላም ጭምር ነው ብሎ ያስተምራል። በትውፊቱ ከታወቁት ጽሑፎች አንዱ የሆነው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ባቫፕራካሻ ጓያ ሰውን እንደሚያሽመደምድ ያስጠነቅቃል። ህንድም እ.ኤ.አ. በ1961 በአብዛኞቹ ግዛቶቿ የጓያን ሽያጭ አግዳለች።

አዩርቬዳ የሚከለክላቸው የምግብ ጥምረቶች ሁሉ በዘመናዊ ሳይንስ የተረጋገጡ አይደሉም። ዓሣና ወተት አብረው አይበሉም የሚለው ክልከላ ለዚህ ምሳሌ ነው። ጥራጥሬን ከሩዝ ጋር፣ ከዝንጅብልና ከሌሎች ቅመሞች ጋር የማብሰሉ ልማድ ግን ለጓያ የሚበጅ ትምህርት አለው።

ጥምረቱ ለምን ይጠቅማል?

ጥራጥሬ ሜቲዮኒንና ሲስቲን የሚባሉት፣ ድኝ ያለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች ያንሱታል። በጤፍ፣ በበቆሎና በሩዝ ውስጥ ግን እነዚህ በተሻለ መጠን ይገኛሉ። ጥራጥሬው በበኩሉ እህሉ የሚያንሰውን ላይሲን ያሟላል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ከደላንታው ወረርሽኝ በኋላ ባካሄዱት ጥናት ጓያን ከእህል ጋር መቀላቀል፣ እንዲሁም ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከመሳሰሉ ቅመሞች ጋር በወጥ መልክ መመገብ አደጋውን እንደሚቀንስ አመልክተዋል። በአንጻሩ በእሸት፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ አብዝቶ መብላት ለጉዳት ያጋልጣል።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ማሳደርና ውኃውን መድፋት ነው። ኦዳፕ በውኃ ስለሚሟሟ ከፊሉ አብሮ ይወገዳል፤ ሆድ የሚነፉት የጥራጥሬ ስኳሮችም ስለሚቀንሱ ለመፈጨት ይቀላል። የተዘፈዘፈበት ውኃ ለወጥ መዋል የለበትም።

ሁለተኛ፣ ጓያ ከእህል ጋር ሲፈጭ ድርሻው ከሲሶ በታች ይሁን። ሊጡን ማቡካትም መርዙን ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ጎተራው በሚሳሳበት ወቅትም ቢሆን ጓያ ለተከታታይ ወራት ዋና ምግብ እንዳይሆን ያለውን ሌላ እህል በቁጠባ እያፈራረቁ መመገብ ይገባል።

አራተኛ፣ በምርምር የወጡና መርዛቸው አነስተኛ የሆኑ እንደ ዋሴ ያሉ ዝርያዎች ስላሉ አርሶ አደሩ ዘር ሲመርጥ የግብርና ባለሙያን ቢያማክር መልካም ነው። ሆኖም እነዚህም ቢሆኑ ከመርዙ ፈጽሞ ነጻ ስላልሆኑ ከላይ የተጠቀሰው ጥንቃቄ አይቀርም።

በአንዳንድ አካባቢዎች በሽታው የሚይዘው ጓያ ሲቀቀል በሚወጣው እንፋሎት ወይም በገለባው ላይ በመተኛት ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት ሰውን ከእንፋሎቱ እያሸሸ ጉዳቱ ወደሚመጣበት ገበታ ስለሚመልሰው አሳሳች ነው። ጓያ አዘውትሮ የሚመገብ ሰው እግሩ ሲከብደው ወይም ሲገታተር ከተሰማው ጓያውን ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል።

«የጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይባላል። ለዛሬ ረሀብ ማስታገሻ የሚሆነው ጓያ ነገ እግርን እንዳያስከፍል ግን ከፊት ካለው ገበታ አሻግሮ ማየት ያስፈልጋል።