የወደቀው ሠራተኛ ካሣ ከማን ኪስ ይወጣል?

በመርሳ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ፎቅ ቤት ለመሥራት የተነሣ ነጋዴ አስቀድሞ የሚያጣራው የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ነው። ቀጥሎ ከሙያተኛው ጋር የእጅ ዋጋ ይቆርጣል። ማቴሪያሉን ባለቤቱ ያቀርባል፤ ሙያተኛው ደግሞ ግንበኛውን፣ አናጢውን፣ ፌራዮውንና የቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ ይመጣል። በሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞችም የተለመደ አሠራር ነው። በስሌቱ ውስጥ የማይገባ አንድ ወጪ ግን አለ። ከሁለተኛ ፎቅ ርብራብ ላይ ሰው ቢወድቅ የሐኪም ቤቱን ማን ይከፍላል? አካሉ ጎድሎ ቢቀርስ? «እሱ የሙያተኛው ጉዳይ ነው» የሚለው መልስ በገበያው የታወቀ ሲሆን በችሎት ፊት ግን ሁልጊዜ አያዋጣም።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 96 መሠረት ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ይሆናል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት በነበሩት በአዋጅ ቁጥር 42/1985 እና በአዋጅ ቁጥር 377/1996ም የነበረ ነው። አሠሪው ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም ሰውነቱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ጠጥቶ ሥራ መግባት በዚሁ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው «በግልጽ የተሰጠ» የሚለው ነው። ሄልሜትና ቀበቶ ሳያቀርብ፣ ማስጠንቀቂያም ሳይናገር የቆየ ሰው ከአደጋው በኋላ «ጥንቃቄ አላደረገም» ቢል ክርክሩ ደካማ ነው።

አሠሪው ማን ነው?

ክርክሩ የሚከረው እዚህ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የወልድያው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየም ወይም በአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መሥመር ዓይነት ግንባታ ላይ ተቋራጩ ይታወቃል፤ ፔሮልም አለው። በእጅ ዋጋ በሚሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የጽሑፍ ውል እንኳ የለም። የጽሑፍ አለመኖር በራሱ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም፤ አዋጁ ይህን በአንቀጽ 8 ደንግጓል። ፍርድ ቤት የሚመረምረው ሠራተኛው በማን አመራር ሥር እንደሚሠራና ደመወዙን ከማን እንደሚቀበል ነው።

ሙያተኛው ሥራውን በራሱ የንግድ ኃላፊነት ይዞ፣ ሰዎቹን ራሱ ቀጥሮ፣ ራሱ እያዘዘ ከከፈለ የሰዎቹ አሠሪ እርሱ ነው። ራሱ ቢወድቅ ደግሞ እንደ ሠራተኛ ካሣ መጠየቅ ይከብደዋል። ባለቤቱ ግን ጧት ማታ እየመጣ «ይህን አፍርሱ፣ ያንን ሙሉ» የሚል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለየአንዳንዱ በእጁ የሚከፍል፣ ያልወደደውን የሚያባርር ከሆነ «አሠሪ አይደለሁም» ማለቱ ያዳግተዋል። በትንሽ ከተማ ደግሞ አብዛኛው ባለቤት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ በቀን 500 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በወር 26 ቀን ይሠራል እንበል። ወሩ 13,000፣ ዓመቱ 156,000 ብር ይመጣል። ጉዳት ደርሶበት ሥራ ያቆመ እንደሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከደመወዙ 75 በመቶ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት 50 በመቶ ያገኛል። ዓመቱ ሙሉ ከተከፈለ 107,250 ብር ነው። ይህ ከሕክምናው ወጪ ሌላ መሆኑ ነው፤ ቀዶ ጥገናው፣ መድኃኒቱ፣ የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪም በአሠሪው ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ሥራ የማይችል ሆኖ ከቀረና በጡረታ ዐቅድ ያልታቀፈ ከሆነ የዓመት ደመወዙ በአምስት ተባዝቶ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ በምሳሌያችን 780,000 ብር። የጉዳቱ መጠን 30 በመቶ ነው ከተባለ 234,000 ብር ይሆናል። አደጋው የደረሰው በአሠሪው ጥፋት መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ሠራተኛው በፍትሐ ብሔር ሕግ ተጨማሪ ካሣ የመጠየቅ መብቱ አይነካም። ሰው የሞተበት ግንባታ በወንጀል ሕጉም በቸልተኝነት ሰው መግደል ሊያስጠይቅ ይችላል።

አደጋው ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ ግንበኛ የለም። በሚስማር ብቻ የተያያዘ የባሕር ዛፍ አጣና ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይላላል። ድጋፍ ያልተደረገለት የመሠረት ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ይናዳል። ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ድጋፉ ከአርማታው ክብደት በታች ይሆናል። መንገድ ዳር በሚሠራ ቤት ላይ ረዥም ፌሮ ወደ ላይ ሲሳብ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይነካል። አንድ ሺህ ብር በማይሞላ ገመድና ጣውላ ይቀር የነበረ ጉዳት የቤቱን የአንድ ፎቅ ወጪ ሲበላ ማየት ለነጋዴ ዓይን የሚያስገርም ሒሳብ ነው።

ሽምግልናና ቀነ ገደብ

በወሎ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠሩት ሽማግሌዎች ናቸው። ዕርቅ የሚነቀፍ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ከመመላለስም ያድናል። ችግሩ የሚመጣው የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ሳይወስን ገንዘቡ ሲቆረጥ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱም ወገኖች የሚደራደሩት በግምት ነው። ሌላው ጊዜ ነው። በአዋጁ መሠረት የዚህ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጪ ለሚቀርበው የካሣ ጥያቄ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። «ነገሩ በሽምግልና ተይዟል» እያሉ ዓመቱን ማሳለፍ ሠራተኛውን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። የሥራ ክርክር ችሎት የዳኝነት ክፍያ የማይጠይቅ መሆኑን ብዙ የቀን ሠራተኛ አያውቅም። ማስረጃውም ቢሆን በዕለቱ ካልተያዘ ይጠፋል፤ የሐኪም ቤት ካርድ፣ የሁለትና የሦስት የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት፣ ገንዘብ በባንክ ወይም በቴሌብር የተከፈለ እንደሆነ ደረሰኙ።

ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ሲጎዳስ? መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ምንጃር ሸንኮራ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የግንባታ የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞተዋል። የሞቱት ለንግሥ በዓል የመጡ ምእመናን ነበሩ። እንዲህ ያለውን ጉዳይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይመለከተውም፤ መንገዱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጪ የሚደርስ ኃላፊነት ነው። በገበያ ቀን በርብራብ ሥር ሰው የሚያልፍበት የመርሳ ባለ ፎቅ ባለቤት ይህንንም ማሰብ አለበት።

መፍትሔው በገበያው ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ የግል መድን ኩባንያዎች የሠራተኞች የጉዳት ካሣ ዋስትና ይሸጣሉ፤ ለሦስተኛ ወገን የሚሆን ሌላ ሽፋንም አለ። ኩባንያው የሠራተኞቹን ብዛትና ደመወዝ ይጠይቃል፤ ስም ዝርዝር የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። ስለዚህ ከሙያተኛው ጋር የሚደረገው ውል በጽሑፍ ሆኖ ሰው የሚቀጥረው፣ ርብራብ የሚያቀርበውና መድን የሚገባው ማን እንደሆነ ቢጠቀስ ይበጃል። እርግጥ ውሉ ሁለቱን ያስራል እንጂ የሠራተኛውን መብት አይቀንስም።

ያላለቀ ፎቅ ለሚያሻሽጥ ደላላና ለሚገዛውም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ በግንባታው ላይ የተጎዳ ሰው አለ ወይ የሚል። ባለቤቱ ተከስሶ ፍርድ ቤት በቤቱ ላይ ዕግድ ካሳረፈ ዕግዱ እስኪነሣ ድረስ ስም ማዛወር አይቻልምና፣ ቀብድ ከመቁጠር በፊት ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ማየት ይገባል።