ንጉሥ እስከ ዛሬ ስለ ምን ኖረ?
ልጆች ሲጠይቁ የሚሰጥ መልስ

ሕፃናት በቴሌቪዥን የዘውድ በዓል ባዩ ቁጥር፥ «ንጉሥ በተረት ብቻ የሚገኝ አይደለምን? በአንዳንድ አገር እስከ ዛሬ ስለ ምን ኖረ?» እያሉ ይጠይቃሉ። በአገራችን የዘውድ አገዛዝ የተሻረው በ1967 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ነገሩ እንግዳ ቢሆንባቸው አያስደንቅም። «ዝም በል» ብሎ ማለፍ ግን የወላጅ ወግ አይደለም። ስለዚህ መልሱን በሚገባቸው መንገድ ልናስረዳ እንሞክራለን፤ የውጭ አገሮችን ዓመታት የምንጠቅሰውም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ መንገሥና መግዛት ሁለት ነገር መሆናቸውን ማስረዳት ይገባል። በቤታችን አያት በማዕዱ ራስ ተቀምጠው እንጀራውን ባርከው ይቆርሳሉ፤ ለቤቱ ወጪ የሚያስቡትና የሚወስኑት ግን አባትና እናት ናቸው። አያት የሚከበሩት የቤቱ አንድነት ምልክት ስለ ሆኑ ነው እንጂ፥ የገንዘቡን ሣጥን ቁልፍ ስለ ያዙ አይደለም።

በእንግሊዝ አገርም ነገሩ ይህን ይመስላል። ንጉሥ ቻርልስ ሦስተኛ በ2023 ዘውድ በጫኑ ጊዜ የተቀቡት ዘይት በኢየሩሳሌም፥ በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን የተባረከ ነበር። ክብሩ እንዲህ ታላቅ ሲሆን፥ ሕግ የሚያወጣው ግን ምክር ቤቱ ነው፤ ንጉሡ ያጸድቃሉ። ከ1708 ወዲህ ምክር ቤቱ የወሰነውን ሕግ አላጸድቅም ያለ ንጉሥ የለም። በጃፓንም በ1947 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱን የአገርና የሕዝብ አንድነት ምልክት ያደርጋቸዋል እንጂ፥ የመግዛት ሥልጣን አይሰጣቸውም።

ይህ ሥርዓት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እንግሊዞች ከንጉሣቸው ጋር ተዋግተው በ1649 ቻርልስ አንደኛን በሞት ቀጡ፤ 11 ዓመት ያለ ንጉሥ ከኖሩ በኋላ በ1660 የንጉሡን ልጅ አነገሡ፤ በ1689 ደግሞ የዘውዱን ሥልጣን በሕግ ወሰኑ። ዘውዱ የቆየው ሥልጣኑን ቀስ በቀስ ለምክር ቤት እየለቀቀ ስለ ሄደ ነው። ሥልጣኑን ከልብ ለማካፈል ያልፈቀደው የሩስያ ዘውድ ግን በ1917 በጦርነትና በሕዝብ ዐመፅ መካከል ወደቀ።

ለልጆች ከሁሉ ይልቅ የሚጥማቸው የኖርዌይ ታሪክ ነው። ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን በተለየች ጊዜ የዴንማርኩን ልዑል ካርልን እንዲነግሡላት ጠየቀች። ልዑሉ ግን አስቀድሞ ሕዝቡ ይጠየቅ አሉ። በዚያን ጊዜ ድምፅ የሚሰጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ 259,563 ሲደግፉ 69,264 ተቃወሙ። ልዑሉም ሐኮን ሰባተኛ ተብለው ነገሡ። በ1940 የሒትለር ጦር አገሪቱን ወርሮ የራሱን ወዳጅ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው እንዲሾሙ ባስገደዳቸው ጊዜ፥ ንጉሡ ውሳኔው የሚኒስትሮቹ መሆኑን፥ ይህን ከተቀበሉ ግን እርሳቸው ዘውዱን እንደሚለቁ ገለጹ። ሚኒስትሮቹም ከንጉሡ ጋር ቆመው እምቢ አሉ። የሚያዝዙት ጥቂት የሆነ ንጉሥ ሕዝባቸውን እንዲህ አጸኑ።

ነገሥታት ሁሉ ግን እንዲህ አይደሉም። በሳዑዲ ዐረብያና በኤስዋቲኒ ንጉሡ ዛሬም ይነግሣል፥ ይገዛልም። ዘውዱን በሰላም የሸኙም አሉ፤ የኢጣልያ ሕዝብ በ1946 ድምፅ ሰጥቶ ሻረው፤ ባርቤዶስም በ2021 የእንግሊዝን ንግሥት ርእሰ ብሔርነት ትታ ሪፑብሊክ ሆነች።

ልጁ ብልህ ከሆነ፥ «አንዱ ሕፃን በመወለዱ ብቻ ከሌላው ስለ ምን ይበልጣል?» ማለቱ አይቀርም። ይህ ጥያቄ እውነተኛ ስለ ሆነ ልንቆጣው አይገባም። በእግዚአብሔር ፊት ደም ከደም አይበልጥም። እስራኤል ንጉሥ በለመኑ ጊዜ ነቢዩ ሳሙኤል ንጉሥ ምን ያህል ሸክም እንደሚሆንባቸው አስቀድሞ ነግሯቸው ነበር። እንግዲህ ዙፋን የሰዎች ስምምነት ነው፤ ሕዝቡ ሲወድ ያቆየዋል፥ ሲጠላ ያወርደዋል።

የራሳችንን ታሪክ በምንነግር ጊዜ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል በነበረው አገራችን፥ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤትን አባላት እንዲመርጥ ቢፈቅድም፥ ዋናው ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ቆየ። ዘውዱን የሻረው ወታደራዊ መንግሥትም በሕግ አልታሰረም፤ ስለዚህ ብዙ ደም ፈሰሰ። በአንዱ ቤት የዘውዱ ዘመን በናፍቆት፥ በሌላው በምሬት ይወሳል። ልጁ የጠየቀን ግን ዕውቀትን ነው፤ ናፍቆታችንን ወይም ቂማችንን ልናወርሰው አይገባም።

ስለዚህ ወላጆች፥ ልጃችሁ ሲጠይቃችሁ በአጭሩ እንዲህ በሉት፤ ንጉሥ በብዙ አገር የኖረው ከሕግ በታች መቀመጥን ስለ ተማረ ነው። አገርን የሚጠብቃት የገዢው ስም አይደለም፤ ገዢው ንጉሥም ቢባል ፕሬዚዳንት፥ ሕግን ማክበሩ ነው። ይህንንም መጀመሪያ የሚማረው በቤቱ ውስጥ ነው፤ አባትና እናት ራሳቸው ያወጡትን ሥርዓት ራሳቸው ሲጠብቁ ባየ ጊዜ።