ጉዱ ካሣ ለምን ብቻውን ቀረ?

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ በሕዝባችን ዘንድ ከፍ ያለ ግምት ተሰጥቶታል። ማንበብ ያልቻለው ወገናችን እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ አድምጦታል። ደራሲው ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱ በመሆናቸው የጎጃምን ባላባታዊ ኑሮ ከውስጥ ያውቁት ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ አጥንት እየቈጠሩ ለልጃቸው የሚመጥን ባል ሲያጡ፣ በዚያው እጃቸው ገበሬውን ሲያስገብሩ እናያለን። ትዕቢቱና ብዝበዛው የአንድ ሥርዓት ሁለት ፊት መሆኑን ከዚህ አብልጦ ያሳየን ልብ ወለድ ጥቂት ነው።

ጥያቄያችን የሚነሣው ካሣ ዳምጤ ላይ ስንደርስ ነው። ካሣ የሥርዓቱን ብልሹነት ከማንም በፊት አይቷል፤ ከባላባት ወገን ሆኖ ሳለ እውነቱን ይናገራል፤ «ጉዱ» የሚል ስምም ወጥቶለታል። አንባቢ ይወደዋል፤ እኛም እንወደዋለን። ይሁን እንጂ የባላባቱ ሥርዓት ለብቸኛ ተቺው ሥፍራ አለው። እብድ ብሎ ይስቅበታል፤ ከዘመድነቱም አይፍቀውም። ሰብለና በዛብህም ቢሆኑ መውጫቸውን የሚፈልጉት በሽሽት፣ በየግላቸው ነው። መጽሐፉ ነፃነትን የአንድ ልብ ጉዳይ ያደርገዋል፤ የምንቃወመውም ይህንኑ የግለኝነት አስተሳሰብ ነው።

«ዘመኑ ብቸኛ አዋቂ እንጂ የተባበረ ገበሬ አላፈራም፤ ደራሲው ምን ያድርጉ?» የሚል ክርክር ይቀርባል። ለዚህ መልሱ ራሱ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት አድመው በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ተነሥተዋል! ብዕሩ ግን ከእነርሱ ይልቅ ከፍቅረኞቹና ከካሣ ጋር ይቈያል። የሚያስገርመው ደግሞ ደራሲው ራሳቸው ብቸኛ ተመልካች አለመሆናቸው ነው፤ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው፣ ተማርከው፣ በጣሊያን ደሴቶች ታስረዋል።

መጽሐፉ ከወጣ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ግብሩንም የመሬት ልኬታውንም እምቢ አለ። ሞጣና ዳሞት ተነሡ፤ መንግሥት ጦር፣ አልፎም አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥፍራቸው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ንቅናቄውን ያለ ልክ ማሞገስ አይገባም፤ ርስቱን ለመጠበቅ የተነሣ ነበርና የአካባቢው ባላባቶችም ተቀላቅለውበታል። ቢሆንም አገረ ገዥ ያስነሣው የአንድ አዋቂ ምፀት አልነበረም።

በየቀበሌው መጽሐፉን እየተቀባበሉ የሚያነቡ ወገኖች፣ ስለ ሰብለና በዛብህ ካዘኑ በኋላ ይህንንም ቢከራከሩበት እንወዳለን፦ አበጀ በለው «ና፣ ከእኛ ጋር ቁም» ቢለው ኖሮ ካሣ ዳምጤ ይወጣ ነበርን?