ልጅ ይዘን እንዴት እንሥራ?

በባንኮ ጎቲቲ ቡና ሲደርስ ቤት የሚውል ሰው የለም። እሸት ቡናው ይለቀማል፤ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይወሰዳል፤ ይፈለፈላል፤ ይታጠባል፤ አልጋ ላይ ይሰጣል። በአልጋው ዙሪያ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ የሚለዩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከነሱም መካከል የሚያጠቡ እናቶች አሉ።

ሥራውን እንፈልገዋለን። ልጁም የእኛ ነው። ብዙዎቻችን ሕፃኑን ለታላቅ እኅቱ ትተን እንሄዳለን። እሷም ከትምህርቷ ትቀራለች። «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» ይባላል። ቆጮም ግን አይገባም። ስለዚህ እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ሕጉን እንወቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንዲህ ይላል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትሠራም። አባትም ሚስቱ ስትወልድ ከነደመወዙ 3 ቀን ፈቃድ አለው። ሕፃን መያዝ የእሱም ሥራ ነውና።

ሁለተኛ፣ የአሠሪውን ችግር እንወቅ። እሸት ቡና ሳይፈለፈል ካደረ ይበላሻል። አልጋ ላይ ያለውም ፀሐይ ሲበረታና ሲመሽ መሸፈን አለበት። ይህ ሥራ ጊዜ አይሰጥም። የተበላሸውን ፍሬ መልቀም ግን በተራ ሊሠራ ይችላል። ጥያቄያችን በዚህ ላይ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ተራ እንግባ። አንዷ እናት ጠዋት ስትሠራ ሌላዋ ሁለቱን ልጆች ትይዛለች። ከሰዓት በኋላ ይለዋወጣሉ። አልጋው ሰው አያጣም። ልጅቱም ትምህርት ቤት ትሄዳለች። የግማሽ ቀን ሒሳብ ስንት እንደሆነ ግን አስቀድመን እንነጋገር።

አራተኛ፣ እንጻፍ። ቃል ይረሳል፤ ጽሑፍ ግን ይቀመጣል። ደብዳቤው እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ለቡና ማጠቢያ ጣቢያው ኃላፊ፣
የ5 ወር ልጅ አለችኝ። ሥራዬን መቀጠል እፈልጋለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እኔ፣ ከ7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ጓደኛዬ፣ በአንድ አልጋ ላይ በተራ እንድንሠራ ይፈቀድልን። ለ1 ሳምንት ተሞክሮ ይታይ።»

ከታች ስም፣ ቀንና ፊርማ ይጻፋል። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በእጃችን ይቅር።

ኃላፊው እምቢ ቢልስ? ምክንያቱን እንጠይቅ። ሌላ ሰዓት እናቅርብ። በሕግ የተሰጠንን ፈቃድ ከከለከለ ግን የሥራ ጉዳይ ወደሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት እንሂድ። የደብዳቤውን ቅጂ ይዘን እንሂድ።

ዛሬ ማታ ይህን ደብዳቤ በደብተራችን እንጻፈው። የልጁን ዕድሜና ሰዓቱን እንደየቤታችን እንለውጠው።